«ሙግት» ወይስ «መቃወሚያ»? ስለ ብድር መዝገብ እርማት ቃላት አንድ ትችት

ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ የሚሰጠውን ስያሜ አብዛኛውን ጊዜ የምንመዝነው በአጭርነቱና ለጆሮ በመስማማቱ ነው። ቃሉን ያነበበው ሰው ካነበበ በኋላ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም። በአሜሪካ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የክሬዲት ሪፖርት ስሕተት ስለሚታረምበት መንገድ ሲተረጐም መቅደም ያለበት ይኸው ጥያቄ ነው።

ነገሩ እንደሚከተለው ነው። ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩንየን የተባሉት ሦስት ድርጅቶች የእያንዳንዱን ሰው የብድርና የክፍያ ታሪክ መዝግበው ይይዛሉ። አበዳሪው፣ ቤት አከራዩ፣ አንዳንድ ጊዜም ቀጣሪው ይህን መዝገብ አይቶ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሕግ፣ ባለመዝገቡ ስሕተት ሲያገኝ «ዲስፒዩት» የማድረግ መብት ሰጥቶታል። ድርጅቱም ያለ ክፍያ፣ እንደ ደንቡ በ30 ቀን ውስጥ ነገሩን ማጣራት አለበት። የተመዘገበው ሐሰት ወይም ጐደሎ ሆኖ ከተገኘ፣ ወይም እውነትነቱ ሊረጋገጥ ካልቻለ፣ መታረም ወይም መሰረዝ ይኖርበታል።

ተርጓሚው ለዚህ ቃል አቻ ሲፈልግ በቅድሚያ የሚመጡለት «ክርክር»፣ «ሙግት» እና «አቤቱታ» ናቸው። ሦስቱም መዝገበ ቃላት የሚቀበላቸው ቢሆኑም ሦስቱም አንባቢውን ያሳስታሉ። «ሙግት» ባለበት ዳኛ፣ ምስክርና ጠበቃ አለ፤ ከ«በላ ልበልሃ» ዘመን ጀምሮ ቃሉ ይዞት የመጣው ሥዕል ይኸው ነው። «ክርክር»ም ቢሆን ተናጋሪው እስኪረታ ድረስ ነገሩ በነበረበት እንደሚቆይ ያሳስባል። በዚህ ምክንያት አንባቢው «ለጠበቃ የምከፍለው የለኝም» ብሎ መብቱን ሊተው ይችላል። «አቤቱታ» ደግሞ ከበታች ወደ በላይ የሚቀርብ ልመና ስለሚመስል፣ የድርጅቱን ግዴታ ወደ ቸርነት ይለውጠዋል።

በእኛ አስተያየት የተሻለው «መቃወሚያ» ነው። ይህ ቃል በ1958 ዓ.ም. ከወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ጀምሮ የታወቀ የችሎት ቃል ነውና ከ«ሙግት» በምን ይለያል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ «እቃወማለሁ» ያለ ሰው የተመዘገበበትን አልቀበልም ማለቱ እንጂ ክስ መመሥረቱ አይደለም። ማስረጃ ቢያያይዝ ይጠቅመዋል፤ ሆኖም የማጣራቱ ሥራ ከመዝጋቢው ትከሻ አይወርድም። የሕጉም ሐሳብ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ነቀፋችን «ማስተካከል» በሚለው ቃል ላይ ነው። የጐበጠን ማቅናትም፣ የጐደፈን ማሳመርም «ማስተካከል» ይባላል። «ክሬዲትዎን ያስተካክሉ» የተባለ ሰው፣ በእርግጥ ዘግይቶ የከፈለውም ዕዳ የሚፋቅ ይመስለዋል። እውነተኛ የሆነ መጥፎ ታሪክ ግን በአብዛኛው እስከ 7 ዓመት ይቆያል። ይህን አስፋቃለሁ እያሉ ገንዘብ የሚሰበስቡ በመብዛታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሌላ ሕግ ሥራው ሳይፈጸም ክፍያ እንዳይቀበሉ ከልክሏል። «ማረም» ግን ስሕተትን ብቻ ይመለከታል፤ እውነት አይታረምም። ስለዚህ «ማረም» ሲባል የመብቱ ወሰን በቃሉ ውስጥ ይታያል።

ጉዳዩ ለአማርኛ ተናጋሪው የተለየ ክብደት አለው። እንደ «ፀሐይ» ያለው ስም በላቲን ፊደል ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ይጻፋል፤ የአባት ስምም በባዕድ አገር የቤተሰብ መጠሪያ ተደርጎ ይወሰዳል። ይህም የአንዱ ሰው መዝገብ ለሁለት እንዲከፈል፣ የሌላውም ዕዳ በእርሱ ላይ እንዲጻፍ በር ይከፍታል። እንዲህ ያለ ስሕተት የደረሰበት ሰው መብቱን የሚረዳው ተርጓሚው በመረጠለት ቃል አማካይነት ነው።

እንግዲህ ባለመዝገቡ የሚያቀርበው «መቃወሚያ»፣ ድርጅቱ የሚፈጽመው «ማጣራት»፣ ውጤቱም «እርማት» ወይም «ስረዛ» ቢባል፣ አራቱ ቃላት የሥራውን ቅደም ተከተል ጠብቀው ይሄዳሉ። አንዱን ቃል ለሁለት ደረጃ መጠቀም ግን አንባቢውን መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ነው። ከዚህ የተሻለ ስያሜ ያለው ባለሙያ ቢኖር ሐሳቡን ለውይይት እንዲያቀርብ እንጋብዛለን።