ዘይቱ ስንት ቀን ይቆያል?

ባለፈው ሳምንት በቅርቡ በሥነ ምግብ የተመረቀች ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ ሥራዬን ስታይ ዋለች። ማታ ቦርሳዋን እያነሳች፣ «ግን ትናንት ምን በሉ ብለው የማይጠይቁት ለምንድን ነው?» አለችኝ። የ24 ሰዓቱን መጠይቅ እንደ ዳዊት ትደግመዋለች። እኔም ደግሜዋለሁ።

ለጥናት ይጠቅማል፣ አልጣላውም። ከፍሎ ፊቴ ለተቀመጠ ሰው ግን አልጠቀመኝም። «ግማሽ እንጀራ» ይለኛል። አምስት ሰው ከየአቅጣጫው በሚቆርስበት ትሪ ላይ ግማሹን ማን ለካው? ጉርሻውስ በማን ሒሳብ ይጻፍ? ደግሞ እኔ ቢሮ የገባ ሰው ሁሉ ትናንት ጎመን በልቶ ያደረ ነው።

እኔ የምጠይቀው ዘይቱን ነው። አምስት ሊትሩ ስንት ቀን ይቆያል? ስንት ሰው ይበላበታል? እዚህ ላይ የሚዋሽ አላጋጠመኝም፤ በዚህ የዘይት ዋጋ የተገዛበትን ቀን ሳይቀር ይነግሯችኋል። ለአምስት ሰው ወር ከቆየ በነፍስ ወከፍ በቀን 33 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ ወደ 270 ካሎሪ ማለት ነው። በ15 ቀን ካለቀ እጥፍ። በ2014 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአመጋገብ መመሪያም ዘይት ቀንሱ ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ግን ጀሪካኑን የሚያነሳው ማን እንደሆነ ከየቤቱ መጠየቅ የእኛ ፋንታ ነው።

አንድ ጡረተኛ ሾፌር ትዝ ይለኛል። ስኳር አለበት፤ ከየባለሙያው የተሰጠውን ወረቀት በፌስታል ይዞ መጣ። እንጀራ ትቶ የገብስ ቂጣ ከያዘ ወራት ሆኖታል፣ ክብደቱ ግን ፍንክች አላለም። ዘይቱን ስጠይቀው ሳቀና ባለቤቱ ጋ ደወለ። «ሁለት ሳምንት አይሞላም» አለች። ለአራት ሰው! በሚቀጥለው ቀጠሮ አብራው መጣች፤ ስለ ቁሌት አንድ ሰዓት አወራን። ሽንኩርቱን በደረቁ ማቁላላት፣ ሲይዝ ውሃ ጠብ ማድረግ፣ ዘይቱን በመጨረሻ በማንኪያ። «እናቴ እኮ እንዲህ ነበር የምትሠራው» አለችኝ፣ ትንሽ እንደ መቆጣት ብላ። ባልየው ያን ቀን አንድ ቃል አልተናገረም፤ ቂጣውን ግን አስተውኩት።

ከአንዱ ሰው ይልቅ ቤቱን ሁሉ የመጠየቅ ግትርነቴን ከትምህርት ቤት አላመጣሁትም። እናቴ ስኳር ሲገኝባት የተከለከለና የተፈቀደ የሚል ወረቀት ሰጧት፤ ፍሪጁ ላይ ለጠፍነው። ለብቻዋ በትንሽ ሳህን እናቀርብላት ጀመር። እኛ ትሪውን ከብበን፣ እሷ ሶፋው ጠርዝ ላይ ሳህኗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ስኳሯ ወርዶ ነበር፣ መዋሸት አልፈልግም። ግን ምሳ ሲቀርብ «እናንተ ብሉ፣ እኔ በኋላ» ማለት ለመደች። እንግዳ ሳታጎርስ የማትለቅ ሴት ነበረች። እስክታርፍ ድረስ ወረቀቱን ከፍሪጁ ያነሳው የለም፤ እኔም አላነሳሁትም። ታካሚ ከእኔ ዘንድ የታተመ ዝርዝር ይዞ አይወጣም።

ልጅቷ በማግስቱ ተመልሳ መጣች፤ የመጀመሪያዋን ታካሚ እንድትጠይቅ ተውኩላት። ዘይቱን ጠየቀች። ሴትዮዋ፣ «የቱን? የጾሙን ነው የፍስኩን?» አለቻት። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ቅቤው ሲቀር ሁሉ ነገር በዘይት ይሠራል። ልጅቷ ዞራ አየችኝ። ይህቺን ጥያቄ ለይቼ መጠየቅ የጀመርኩት ሥራ በገባሁ በስድስተኛው ዓመት ነው።