ከራጁ በፊት የሚጠየቅ

ከፈረስ ወድቆ ክንዱ የተሰበረ ገበሬ ዳንግላ ራጅ ክፍል ሲገባ የሚነገረው አጭር ነው፦ «አያ፣ ክንድዎን እዚህ ያጋድሙ፤ እንዳይነቃነቁ።» ወጣት ሴት ከሆነች አንድ ጥያቄ ይጨመራል፦ «እርጉዝ ነሽ እንዴ?» ከዚያ ባለሙያው ከግርዶሹ ኋላ ቆሞ ቁልፉን ይጫናል።

በዚህ ሥራ ጉብዝና የሚለካው ባለመድገም ነው። የተነቃነቀ ክንድ ምስሉን ያደበዝዛል፤ የደበዘዘ ምስል ሌላ ራጅ ይጠይቃል፤ ያም ሌላ ጨረር ነው። መጠኑ በርግጥ ትንሽ ነው። አንድ የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት ገደማ ሲሆን፣ ከአፈር፣ ከአየርና ከጠፈር በዓመት የሚደርሰን ጨረር በዓለም አማካይ 2.4 ነው። ራጅ ፈርቶ ስብራቱን ይዞ ወጌሻ ዘንድ ብቻ መሄድ እንግዲህ ሞኝነት ነው።

ጨረር ግን ሁሉንም ገላ እኩል አያገኘውም።

ሬቲኖብላስቶማ የሚባል የሕፃናት የዓይን ካንሰር አለ። ልጁ ፎቶ ሲነሣ ብሌኑ ውስጥ እንደ ድመት ዓይን ነጭ ነገር ያበራል። አሜሪካዊው ሐኪም አልፍሬድ ኑድሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ነገሩን አብራራው፦ ካንሰሩን የሚገታው ጂን በየሕዋሱ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ሲበላሹ ዕጢ ይነሣል። በሽታው በዘር የመጣበት ልጅ ግን አንዱ ተበላሽቶ ነው የሚወለድ፤ የቀረው አንድ ብቻ ነው። ያንን አንዱን ጨረር ሊመታው ይችላል። ዓይናቸው በጨረር ከታከመ ከእነዚህ ሕፃናት አንዳንዶቹ ከዓመታት በኋላ ጨረሩ ባለፈበት የፊትና የራስ ቅል አጥንት ላይ ሌላ ካንሰር ወጣባቸው። ዛሬ ሐኪሞች ለእነዚህ ልጆች የውጭ ጨረርን መጨረሻ ላይ ብቻ የሚያስቡት ለዚህ ነው።

የአገራችን የጨረር ሕክምና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት መሣሪያ ነበር። የዳንግላ ታካሚ ለብዙ ዓመት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እዚያው ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ያን ያህል ተለፍቶበት ለተደረሰበት ሕክምና ከዘመድ አዝማድ ካንሰር የያዘው እንዳለ ሁለት ደቂቃ መጠየቅ ምን ይከብዳል?

ለተራ የክንድ ራጅ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ነገር ግን ልጅዎ በተደጋጋሚ ሲቲ ስካን ወይም የጨረር ሕክምና ከታዘዘለት፣ ከቤተሰብ በሕፃንነቱ በካንሰር ዓይኑ የወጣ ወይም በልጅነቱ ካንሰር የያዘው ካለ፣ ባይጠየቁም ለሐኪሙ ይንገሩ።