ጥናትና ክስ፤ ስለ ሙሉጌታ ሥራው ሞት በተጻፈ መጽሐፍ ላይ የቀረበ ሂስ

በአውሮፓ አቆጣጠር በኖቬምበር 1988 ዓ.ም. ለትምህርት ወደ አሜሪካ የሄዱት ኢትዮጵያዊ አቶ ሙሉጌታ ሥራው፣ በኦሬጎን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ፣ የነጭ ዘር የበላይ ነው በሚሉ ጠጉራቸውን የተላጩ ወጣቶች በቤዝቦል ዱላ ተደብድበው ሞቱ። በኦክቶበር 1990 ዓ.ም. ጁሪ የተባለው የዜጎች ሸንጎ፣ ከደብዳቢዎቹ ሁለቱ፣ እንዲሁም በካሊፎርኒያ ተቀምጦ ይህንኑ ትምህርት ያስፋፋ የነበረው ቶም ሜትዝገር፣ ልጁና ማኅበሩ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንዲከፍሉ ፈረደ። ኤሊኖር ላንገር በ2003 ዓ.ም. ባሳተሙት «መቶ ትናንሽ ሂትለሮች» በተባለው መጽሐፍ ይህን ፍርድ ይነቅፋሉ። መጽሐፉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መራራ ነው፤ ነገር ግን የሚያነሣው ጥያቄ የፖለቲካ እንቅስቃሴዎችን የሚከታተሉትን የጥናት ድርጅቶች ሁሉ ስለሚነካ ሊመረመር ይገባዋል።

ለሟቹ ቤተሰብ ከቆሙት ጠበቆች ዋናው ሞሪስ ዲስ ነበሩ። ዲስ ከባልደረባቸው ጋር በ1971 ዓ.ም. በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ ያቋቋሙት ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተር የተባለው ድርጅት፣ በ1981 ዓ.ም. ኩ ክሉክስ ክላንንና መሰሎቹን የሚከታተል ክፍል አቋቁሞ ነበር። ይህ ክፍል የማኅበራቱን ጽሑፍ እየሰበሰበ፣ እንቅስቃሴያቸውንም እየመዘገበ ይይዝ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ በክላን ሰዎች ተቃጠለ። በ1987 ዓ.ም. ግን ድርጅቱ፣ በክላን አባላት ለተገደለው ጥቁር ወጣት ለማይክል ዶናልድ እናት፣ 7 ሚሊዮን ዶላር አስፈረደ። እንዲህ ያለ ልምድና መዝገብ ባይኖር ኖሮ፣ ከፖርትላንድ ጎዳና ተነሥቶ ካሊፎርኒያ የሚደርስ ክስ ባልተሞከረም ነበር።

የላንገር ነቀፌታ የሚነሣው ከዚሁ ላይ ነው። ሜትዝገርን ከግድያው ጋር ያገናኘው፣ ወደ ፖርትላንድ የሄደው የአንድ ወጣት ተከታዩ ምስክርነት ነበር። ላንገር ይህን ምስክርነት ደካማ ነው ይላሉ፤ ጠቡ ከሩቅ የታቀደ ሳይሆን በመንገድ ላይ የተነሣ ነበር ብለው ያምናሉ፤ ሜትዝገር ያለ ጠበቃ በመቅረቡም ማስረጃው በሚገባ አልተፈተነም ይላሉ። ደራሲዋ ለዘረኞች የሚያዝኑ አይደሉም። ይሁን እንጂ ትእዛዝ መኖር አለመኖሩን ሲያጣሩ፣ የስብከትን ኃይል አሳንሰው ያዩታል። የመንገድ ጠብ ዱላ ለምን እንደ ተነሣ ይነግረን ይሆናል፤ የማያውቁትን ጥቁር ሰው ጠላት አድርጎ መቁጠርን ወጣቶቹ ከየት እንደ ተማሩት ግን አይነግረንም።

በአገራችን የነበረው አውጫጭኝ እዚህ ላይ ለማነጻጸሪያ ይጠቅማል። የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ይቆይ ነበር። ብዙ የተሰወረ ነገር ይገለጥበታል፤ ነገር ግን ስም እንዲወጣ የሚያስጨንቅ ሥርዓት፣ የወጣው ስም እውነተኛ መሆኑን በራሱ ሊያረጋግጥ አይችልም። የሚያጠናውና የሚከሰው አንድ እጅ ሲሆን አደጋው ይኸው ነው። በችሎት ፊት ቢያንስ ተከሳሽ መልስ ይሰጣል፤ በስም ዝርዝር ላይ ግን ይህ የለም። ይኸው ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ማጂድ ናዋዝን፣ እርሱ ራሱ ሙስሊም ሲሆን፣ ከሙስሊም ጠል አክራሪዎች ጋር ቆጠረው፤ በ2018 ዓ.ም. ይቅርታ ጠይቆ 3.375 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተገደደ።

ከዚህ ተነሥቶ ክትትሉ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ስሕተት ነው። በማስረጃ የሚነቅፉትንና መዝገቡ እንዲጠፋ የሚሹትን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የሚፈለገው፣ ድርጅቱ ያየውን ከፈረደው ለይቶ እንዲጽፍ፣ ስም የሰጠበትንም ምክንያት ከነማስረጃው እንዲያወጣ ነው። በሙሉጌታ ስም የተገኘውን ፍርድ መመርመርም ሟቹን መክዳት አይደለም፤ ዱላውን የሰነዘረው ወጣት ጥፋቱን አምኖ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበታልና፣ የግድያው እውነት በላንገር ጥያቄ አይናወጥም። የሚመረመረው ከዱላው እስከ ሰባኪው ያለው መንገድ ነው፤ ተማሪዎችም የችሎቱን መዝገብና የላንገርን መጽሐፍ ጎን ለጎን አኑረው ቢያነቡ ይህን መንገድ በገዛ ራሳቸው ሊመዝኑት ይችላሉ።