ቃል አልባው ምትና የተቀበረው ካሴት

በሐርጌሳው ዋሄን ገበያ ዘፈን የሚፈልግ ሰው ዛሬ ካሴት አይጠይቅም። ስልኩን ያቀብላል፤ ዜማውም ከስልክ ወደ ስልክ ይሻገራል። ገበያው ራሱ በኤፕሪል 1 ቀን 2022 ሌሊት በተነሣ እሳት በሺህ የሚቆጠሩ ሱቆቹን አጥቶ ከዐመዱ ለመነሣት ብዙ የደከመ ነው። ሆኖም የከተማይቱ ትልቁ ቃጠሎ ይህ አልነበረም። በ1988 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ታጋዮች ወደ ከተማዋ ሲገቡ፣ የሲያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች ከዚያችው ከተማ አየር ማረፊያ እየተነሡ ያችኑ ከተማ ደበደቡ። ሕዝቡም ልጁን አዝሎ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር፣ ወደ ሐርቲሼክ ሜዳ ተሰደደ።

በዚያ ሰሞን የሬዲዮ ሐርጌሳ ሠራተኞችና የሙዚቃ ወዳጆች አንድ ሌላ ነገር አሰቡ። በእጃቸው የነበረውን የተቀዳ ዘፈን ከፊሉን መሬት ቆፍረው ቀበሩት፤ ከፊሉን ወደ ጂቡቲና ወደ ኢትዮጵያ አሻገሩት። ሰው ነፍሱን ለማትረፍ በሚሮጥበት ሰዓት ዘፈን ለመቅበር ጉድጓድ የሚምስ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ለዚህ ጥያቄ መልሱ ከዐሥር ሺህ የሚበልጡ ካሴቶች ናቸው። ዛሬ በጃማዕ ሙሴ ጃማዕ በሚመራው የሐርጌሳ የባህል ማዕከል ተሰብስበው ይገኛሉ። ከዚህ ክምችት የተመረጡ ዐሥራ አምስት ዘፈኖች በ2017 ኦስቲናቶ በተባለው አሳታሚ «ስዊት አዝ ብሮክን ዴትስ» በሚል ርእስ ታትመው ለግራሚ ሽልማት በታሪካዊ አልበም ዘርፍ ታጭተዋል። ርእሱ በአማርኛ «እንደ ተሰባበረ ተምር የጣፈጠ» እንደ ማለት ነው።

አልበሙ መልካም ሥራ መሆኑን መካድ ንፉግነት ነው። ዐብሮት ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ ግን እስካሁን በቅጡ አልተነሣም። ይህን የሶማሊኛ ዘፈን ገዝቶ የሰማው የባሕር ማዶ ጆሮ የማን ጆሮ ነው? በምን የተገራ ጆሮ ነው? አብዛኛው ገዢ ሶማሊኛ አያውቅም። ሸክላ ፍለጋ ዓለምን የሚዞሩ ሰብሳቢዎች፣ ሌሊት ሰው የሚያስጨፍሩ ዲጄዎች፣ ከበሮና ቤዝ በሰሙ ቁጥር ጆሯቸው የሚቆም ሰዎች ናቸው። ይህ ጆሮ ደግሞ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ከሐርጌሳ እጅግ በራቀች በአሜሪካይቱ ቺካጎ ይጀምራል።

ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቲቢ-303 የተሰኘች ትንሽ የብርማ ሣጥን ለገበያ አቅርቦ ነበር። የታሰበችው ብቻውን ጊታር ለሚለማመድ ሰው የቤዝ አጃቢ እንድትሆን ነው። ይሁንና የእውነተኛ ቤዝ ድምፅ ልታወጣ አልቻለችም፤ ገዢ ስላጣች በ1984 ምርቷ ቆመ፤ በአሮጌ ዕቃ መሸጫም በርካሽ ተጣለች። ፊውቸር የተባለው ቡድን አባላት የሆኑ ሦስት የቺካጎ ወጣቶች፣ ዲጄ ፒየር፣ ስፓንኪ እና ኸርብ ጄ፣ ይህችን የተናቀች ሣጥን አግኝተው ቁልፎቿን ሲያዞሩ የሚንጫጫ፣ የሚንተከተክ፣ ሕያው ነገር የሚመስል ድምፅ ወጣ። የቀዱትን ካሴት ሚዩዚክ ቦክስ ወደተባለው ጭፈራ ቤት ለዲጄ ሮን ሃርዲ ወሰዱለት። እንደሚተረከው ሃርዲ በአንድ ሌሊት አራት ጊዜ አጫወተው። ሰዉ በመጀመሪያው ግራ ተጋባ፤ በአራተኛው አበደ። «አሲድ ትራክስ» ተብሎ በ1987 የታተመው ይህ ሥራ ከዐሥር ደቂቃ በላይ ይዘልቃል። ዘፋኝ የለውም፤ ግጥም የለውም፤ ማሽኗ ብቻ ትናገራለች። አሲድ ሀውስ የሚባለው ስልት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው።

ስልቱ ወደ እንግሊዝ ተሻገረና በ1988 የበጋ ወራት (ሐርጌሳ በምትነድበት በዚያው ክረምት መሆኑን ልብ ይሏል) የሎንዶንና የማንቸስተር ወጣት በባዶ መጋዘንና በሜዳ እስኪነጋ የሚጨፍርበት ሬቭ የተባለ ባህል ወለደ። ኤክስታሲ የተባለው አደንዛዥ ዕፅም ዐብሮ ገባ። ጋዜጦች ጮኹ፤ ፖሊስ መንገድ ዘጋ። በ1992 በካስልሞርተን ሜዳ ከሃያ ሺህ በላይ ሕዝብ ለቀናት ከጨፈረ በኋላ በ1994 ሕግ ወጣ። የሕጉ ቃል ለሥነ ጽሑፍ ሰው አስገራሚ ነው፤ ሙዚቃን ሲተረጉም ተከታታይና ተደጋጋሚ ምት የሚበዛበትን ድምፅ ጭምር ብሎ በስሙ ጠርቶታል። ምት በመደጋገሙ በሕግ አንቀጽ ውስጥ መጠቀሱ በታሪክ ያልተለመደ ነገር ነው።

አዲስ አበባን የሚያውቅ አንባቢ እስከ ንጋት መጨፈር ለእርሱ እንግዳ እንዳልሆነ ያስታውሳል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ስለነበረ የሂልተን ታዳሚ አንዴ ከገባ እስኪነጋ መውጣት አይችልም ነበር፤ የዋልያስ ባንድም ሌሊቱን ሙሉ ይጫወት ነበር። እንግሊዛዊው በሕግ ላይ አምፆ ያነጋውን ሌሊት የአዲስ አበባው ሰው በሕግ ተገድዶ አነጋው። የዚያው ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ቀርቶ በ1985 በአኮርዲዮን፣ በሲንተሳይዘርና በምት ማሽን ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ እንደ አዲስ ታትሞ ዓለም የሰማው በ2013 ነው፤ እርሱም በዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር።

የአሲድ ሀውስ እውነተኛ ውርስ እዚህ ላይ ይገለጣል። ስልቱ ራሱ እንደ ማንኛውም ፋሽን መጥቶ ሄዷል፤ ተመልሶም መጥቷል። የቀረው ጆሮው ነው። የሬቭ ትውልድ ማሽንንና ድግግሞሽን መውደድ ተማረ፤ በተማረው ጆሮም ያለፈውን ዘመን ዳግመኛ ይፈትሽ ጀመር። ሕንዳዊው ቻራንጂት ሲንግ በ1982፣ ቺካጎ ስለ አሲድ ሳታስብ፣ ያችኑ ቲቢ-303 ይዞ የአገሩን ጥንታዊ ራጋዎች በዲስኮ ምት ተጫውቶ ነበር። በዘመኑ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። በ2010 እንደ አዲስ ሲታተም ግን የአሲድ ሀውስ አያት እየተባለ ተወደሰ። ሲንግ ማንንም ለመውለድ አላሰበም፤ አያትነቱን የሰጡት ራሳቸውን የልጅ ልጅ ያደረጉት አድማጮች ናቸው። የሞቃዲሾው ዱርዱር ባንድም የሐርጌሳው ክምችትም በየተራ የተሰሙት በዚሁ በር ነው። እንግዲህ ምስጋናው ሊነፈግ አይገባም፤ ያ ጆሮ ባይኖር ብዙው ካሴት ዛሬም ከአገሩ ውጭ ባልተሰማ ነበር።

ችግሩ ያ ጆሮ ምትን እንጂ ቃልን ለመስማት አለመገራቱ ነው፤ የሶማሌ ዘፈን ደግሞ ከቃል የተወለደ ነው። በ1940ዎቹ በዘይላና በቦረማ መንገድ የሚመላለስ ዓብዲ ሲኒሞ የሚሉት የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ባልዎ የተሰኘው አጭር የፍቅር ዘፈን ፈጣሪ እርሱ እንደሆነ ይነገራል። ቃሉ በሶማሊኛ መከራ፣ መዓት ማለት ነው። ግጥሙ ሁለትና ሦስት ስንኝ ብቻ ነው። ወጣት ወንዶችና ሴቶች በአንድ ቤት ተሰብስበው ከበሮ እየመቱ፣ እያጨበጨቡ ያዜሙታል። ሼኮች ከሃይማኖት ያወጣል ብለው አወገዙት፤ ሽማግሌዎችም ለትልቁ ቅኔ፣ ለገበይ ክብር ሲሉ ናቁት። ወጣቱ ግን አልተወውም። በጭነት መኪና ላይ ሆኖ ከከተማ ከተማ ዞረ። ኋላም ዓብዱላሂ ቀርሼን የመሰሉ ባለ ዑዶች ዜማውን አስረዘሙት፤ ሄሎ ተባለ፤ በፍቅረኛ ስም የአገር ነፃነትን የሚናፍቅ የፖለቲካ ቅኔ ሆነ። ሰምና ወርቅ ለለመደ የአማርኛ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያሻም።

ካሴቱም ቢሆን በሐርጌሳና በሞቃዲሾ ከጭፈራ በፊት የቃል መጓጓዣ ነበር። የባሬ መንግሥት ሬዲዮውንና ቲያትሩን በእጁ ስለያዘ የግል የሙዚቃ አሳታሚ የሚባል አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ሰው ከመቅረጫ ወደ መቅረጫ እየገለበጠ ይቀባበል ነበር። በዚህ መንገድ ነው ጋርዬ የጀመረው፣ ሐድራዊና ሌሎች በርካታ ገጣሚዎች የተቀባበሉት ዴሌይ የተሰኘው የግጥም ሰንሰለት በ1979 እና በ1980 አገር ያዳረሰው። ሐድራዊ ከዚያ ቀደም ሲል በግጥሙ ምክንያት አምስት ዓመት ታስሮ የወጣ ሰው ነው። እንግዲህ በአንድ ካሴት ላይ የሚያስጨፍር ዘፈንና የሚያሳስር ግጥም ጎን ለጎን ሊገኝ ይችላል።

ከዚህ አንጻር የ2017ቱ አልበም ምርጫ ሲመዘን ሚዛኑ ወደ ባንዱ፣ ወደ ኪቦርዱና ወደ ቤዙ ያደላ ነው። ከሐርጌሳ ዳናን ባንድ፣ ከሞቃዲሾ ኢፍቲንና ዱርዱር በውስጡ አሉ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሰውነትን የሚነቀንቁ ናቸው። አዘጋጆቹ ሰፊ ማብራሪያ ስላያያዙ በስንፍና አይወቀሱም። ነገር ግን ማብራሪያ በጭፈራ ወለል ላይ አይነበብም። አንድ ዲጄ በበርሊን የሴቲቱን ድምፅ እንደ አንድ ተጨማሪ መሣሪያ ቆጥሮ ከሌላ ምት ጋር ሲያዋህደው፣ ድምፅዋ የቅኔው ተሸካሚ መሆኗ ቀርቶ እንደ ቲቢ-303 የምትንጫጫ ሣጥን ትሆናለች። ይህ ለቺካጎው ሙዚቃ ክብሩ ነው፤ ቃል የሌለው ሆኖ ተፈጥሯልና። ለሐርጌሳው ግን ግማሽ ሞት ነው።

ይሁንና ነገሩን በቃል ወገንተኝነት ብቻ መዝጋትም ስህተት ነው። የአገር ቤት ምሁር ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ግጥሙን ይተነትናል፣ ጭፈራውን እንደ አቧራ ያራግፈዋል። የቺካጎ ጭፈራ ቤቶች ታዳሚ አብዛኛው ጥቁር ነበር፤ ብዙውም በተመሳሳይ ጾታ ፍቅሩ ምክንያት ከሌላው መዝናኛ የተገፋ ነበር። በ1979 በዚያችው ከተማ ስታዲየም የዲስኮ ሸክላ ተከምሮ በፈንጂ ሲጋይ የተጠላው የዘፈኑ ግጥም ሳይሆን የጨፋሪው ማንነት እንደነበረ ብዙዎች ጽፈዋል። ለእነዚያ ወጣቶች ተጠጋግቶ መጨፈር ራሱ ንግግር ነበር። ሼኮቹም በባልዎ ላይ የተነሡት በሁለት ስንኝ ፍቅር ደንግጠው ብቻ አይመስልም፤ ወንድና ሴት በአንድ ቤት ዐብረው ማጨብጨባቸው ነው ያስፈራቸው። የቃል አገር ተብሎ በሚጠራውም አገር ዘፈን በአካል ጭምር ይሰማ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ረገድ የሐርጌሳ ዛሬ ይከብዳል። ካሴቱ ድኗል፤ ካሴቱ የሚሰማበት አዳራሽ ግን አልዳነም። ሙዚቀኛው ከጦርነቱ በኋላ በሎንዶን፣ በቶሮንቶ፣ በጂቡቲ ተበተነ፤ ባንዱ ቀርቶ አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ሠርግ ማጀብ ጀመረ። ከፈረንሳይ የተመለሰችው ዘፋኝ ሳህራ ሀልገን ሂዶ ዳውር የተባለ የባህል ቤት በከተማይቱ ከፍታ ዑድና ከበሮ በሕዝብ ፊት እንዲሰማ ማድረጓ ስለዚህ ነው ከማንኛውም የሸክላ ኅትመት የማይተናነሰው። በዚያ የተቀመጠ አድማጭ ቃሉ ሲገባው ይስቃል፤ ምቱ ሲይዘው ያጨበጭባል፤ ሁለቱን ለመለየትም አያስብም።

የባለቤትነት ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በቺካጎ «አሲድ ትራክስ»ን ያተመው ትራክስ የተባለው ድርጅት በገዛ ሙዚቀኞቹ ሲወቀስ ኖሯል፤ ላሪ ሄርድና ሮበርት ኦውንስ በ2020 ከስሰው የሥራቸውን መብት ያስመለሱት በ2022 ነው። እነርሱ ቢያንስ የሚከስሱት አሳታሚ ነበራቸው። የሶማሌ ዘፈን በልማዱ አንድ ሳይሆን ሦስት ባለቤት አለው፤ ግጥሙን የገጠመ፣ ዜማውን ያወጣ፣ በድምፁ የተጫወተ። በሬዲዮ ልማድም ዘፈኑ ከመሰማቱ በፊት የሦስቱም ስም በየተራ ይጠራ ነበር። ከአሮጌ ካሴት ዘፈን ወስዶ ለጭፈራ የሚያሰናዳ ሰው መጀመሪያ የሚቆርጠው ያንን ነው፤ ምት የለውምና።