ዙፋን ይገባኛል ባዩ ያሳተመው ናስ

ዙፋኑን ያጣ ንጉሥ ያሳተመው ሳንቲም ስሙና መልኩ ስላለበት ብዙውን ጊዜ እንደ ሥልጣን አዋጅ ይነበባል። የእንግሊዙ ዳግማዊ ጄምስ በ1689 እና በ1690 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ ያሳተመው የናስ ገንዘብ ግን በእኔ ዳኝነት ከሁሉ በፊት የዕዳ ሰነድ ነው። እንዲህ ካነበብነው፣ ሰብሳቢዎች እንደ ጉድለት ቆጥረው የሚያልፏቸው ሳንቲሞች ከጽዱዎቹ የበለጠ ይናገራሉ።

ጄምስ በ1688 መጨረሻ ከእንግሊዝ ሸሽቶ ፈረንሳይ ሲገባ፣ የለንደኑ ጉባኤ ዙፋኑን እንደተወ ቆጥሮ ዘውዱን ለልጁ ለሜሪና ለባሏ ለዊልያም ሰጠ። በማርች 1689 ኪንሴል ወደብ ሲወርድ የአየርላንድ ካቶሊኮች እንደ ንጉሣቸው ተቀበሉት። ሠራዊት አገኘ፤ ለሠራዊቱ የሚከፍለው ብር ግን አልነበረውም። ስለዚህ ያረጁ መድፎች፣ ደወሎችና የወጥ ቤት ዕቃዎች እየቀለጡ በደብሊን፣ በኋላም በሊመሪክ፣ የስድስት ፔኒ፣ የሽልንግና የግማሽ ክራውን ገንዘብ ሆኑ። «የመድፍ ገንዘብ» መባሉም ከዚሁ የተነሣ ነው። ወደፊት በብር እንደሚመነዘር በአዋጅ ቃል ተገብቶበት ነበር። ያው አዋጅ ግን ከውጭ በሚገባ ሸቀጥ ላይ የሚጣለው ቀረጥ በዚህ ገንዘብ እንዳይከፈል ከለከለ። ወታደሩና ባለሱቁ እንዲያምኑት የታዘዙትን ቃል የንጉሡ ግምጃ ቤት ራሱ አላመነውም።

በእነዚህ ሳንቲሞች ላይ ከዓመቱ ጋር የታተሙበት ወርም ተቀርጿል። ወሩ የተጻፈው በኋላ በየተራ ለመመንዘር ነው የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ደግሞ የማተሚያውን ሠራተኞች ሥራ ለመቆጣጠር ብቻ ነው ይላሉ። የሁለተኞቹ ሐሳብ እውነት ቢሆን እንኳ ክርክሬን አያፈርሰውም፤ በወር የተከፋፈለ ቁጥጥር የሚያስፈልገው ለወጣው ገንዘብ ተጠያቂ ሲኖር ነውና። በወር ተራ መደርደር የሚወድ ሰብሳቢ ግን መጠንቀቅ አለበት። ያኔ አዲሱ ዓመት የሚገባው በማርች 25 ስለነበር፣ «ማርች 1689» እና «ማርች 1690» የሚሉት ሳንቲሞች የአንድ ወር ልጆች ናቸው። ዘመን መለወጫው በጃንዋሪ ላልሆነ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የመጀመሪያውን ከጁን 1689 በፊት የሚያስቀምጥ ስብስብ ግን ኅትመቱን ከመጀመሩ በፊት ያስጀምረዋል።

በ1690 ናሱም አጠረ። ሽልንጉና ግማሽ ክራውኑ አነሱ፤ ትልልቆቹ የቀድሞ ግማሽ ክራውኖች ደግሞ ዳግም ተመትተው ክራውን ተባሉ። ያው ናስ፣ ያው ክብደት፣ ዋጋው ግን እጥፍ። በአንዳንዶቹ ላይ ፈረስ ላይ ከተቀመጠው ጄምስ ሥር የቀድሞው ምስልና ጽሑፍ ርዝራዥ ይታያል። ጽዱ ገጽ የሚመርጥ ገዥ ይህን እንደ እንከን ያየዋል፤ እኔ የማየው የዕዳውን መባባስ ነው። በጁላይ 1690 ጄምስ በቦይን ጦርነት ከተሸነፈ በኋላ ዊልያም ዋጋውን በአዋጅ ሲቀንስ፣ 60 ፔኒ የተባለው ክራውንም 30 ፔኒ የነበረው ትልቁ ግማሽ ክራውንም እኩል 1 ፔኒ ተባሉ። አዲሱ ንጉሥ የመዘነው ናሱን ብቻ ነበር።

ሁለት መቃወሚያዎች ክብደት አላቸው። አንደኛው፣ የወራቱንና የቅርጾቹን ልዩነት ለይተው የመዘገቡት ሰብሳቢዎች ስለሆኑ ምርጫቸውን መንቀፍ ውለታ መዘንጋት ነው የሚለው ነው። ውለታው እውነት ነው፤ ዝርዝሩ ባይኖር ይህ ክርክር ራሱ መነሻ አይኖረውም ነበር። መመዝገብ ግን አንድ ነገር ነው፣ ዋጋ መስጠት ሌላ። ሁለተኛው፣ በሳንቲሙ ዙሪያ የተጻፈው ማዕረግ የይገባኛል ጥያቄው ዋና ማስረጃ ነው የሚለው ነው። ጽሑፉ ጄምስን የታላቋ ብሪታንያ፣ የፈረንሳይና የአየርላንድ ንጉሥ ይለዋል። የፈረንሳይ ንጉሥነት ግን የእንግሊዝ ነገሥታት ለዘመናት ሲወራረሱት የኖሩት ባዶ ማዕረግ ነበር፤ ጄምስም ይህን ያስጻፈው በፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ድጋፍ እየኖረ ነው። በልማድ የሚደገም ማዕረግ ስለ ሰውዬው ተስፋ የሚነግረን ጥቂት ነው።

ጄምስ ከቦይን በኋላ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ፤ ሊመሪክ ግን በስሙ መዋጋቷን ቀጠለች። በ1691 የከተማዋ ተከላካዮች ትልልቆቹን ሽልንጎች ዳግም መትተው በአንድ ገጽ የጄምስ ምስል፣ በሌላው የተቀመጠች ሂበርኒያ (አየርላንድ በሴት አምሳል) ያለበት ግማሽ ፔኒ አደረጓቸው። 12 ፔኒ የነበረው ናስ ግማሽ ፔኒ ሆነ፤ ይህን ያደረጉትም ጠላቶቹ ሳይሆኑ ለእሱ የሚሞቱለት ሰዎች ናቸው።