የአልዛይመር ሕሙማን ልጆች እንቅልፍ፤ ስለ አንድ ጥናት የቀረበ ሂስ

አባቱ ወይም እናቱ በአልዛይመር ሕመም የተያዙበት ሰው ቍልፉን ያኖረበት ቦታ በጠፋው ቍጥር «ተራው የኔ ይሆን?» ማለቱ አይቀርም። ሌሊቱን ሳይተኛ ካደረ ደግሞ ጥርጣሬው ይብሳል። ስለዚህ በእንዲህ ያሉ ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ሲነበብ፣ ያሳየውን ካላሳየው ለይቶ መመልከት ተገቢ ነው።

በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን፣ በ2001 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) በተጀመረው የረዥም ጊዜ ጥናት ከሚካፈሉት አብዛኞቹ የሕሙማን ልጆች ናቸው። ከተካፋዮቹ መካከል አእምሯቸው ጤናማ የሆነ 101 ሰዎች ስለ እንቅልፋቸው ተጠየቁ፤ ከአከርካሪያቸው የተቀዳውም ፈሳሽ ተመረመረ። በ2017 የታተመው ውጤት እንደሚያስረዳው፣ እንቅልፋቸው የከፋና ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጫጫናቸው ሰዎች ከሕመሙ ጋር የሚዛመዱት ምልክቶች በፈሳሹ ውስጥ ይበልጥ ታይተውባቸዋል።

የጥናቱ ብልጫ፣ ሰዎቹ የተናገሩትን ከፈሳሹ ምርመራ ጋር ማስተያየቱ ነው። ነገር ግን ሦስት ነጥቦችን ልብ ማለት ያስፈልጋል እንላለን። አንደኛ፣ የእንቅልፉ ነገር የተገኘው በመጠይቅ እንጂ በመሣሪያ ተለክቶ አይደለም። ሁለተኛ፣ ሁለቱ ነገሮች ጐን ለጐን ታዩ እንጂ የትኛው የትኛውን እንዳስከተለ አልታወቀም። በአይጦች ላይ በ2009 የተደረገው ሙከራ እንቅልፍ መንሣት አሚሎይድ የተባለውን ፕሮቲን እንደሚያበዛ፣ በ2012 የተደረገው ደግሞ የፕሮቲኑ ክምችት ራሱ እንቅልፍን እንደሚያውክ አሳይቷል። ሦስተኛ፣ ተካፋዮቹ ጤነኞች ስለ ነበሩ፣ ጥናቱ «እንቅልፍ ያጣ ሁሉ ነገ ይረሳል» ለማለት አያስችልም።

በዚህ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ወላጁን የሚያስታምመው ልጁ ራሱ ነው። በሽተኛው ሌሊት ተነሥቶ በሩን ሲነካካ አብሮ ይነሣል፤ በማግሥቱም በድካም ብዛት ነገር ይረሳል። ይህ መርሳት ከደም የወረደ ሳይሆን ከእንቅልፍ እጦት የመጣ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ወደ ፊት የሚደረጉ ጥናቶች የማስታመምን ድካም ለይተው ቢመዘግቡ፣ እንቅልፉን በመሣሪያ ቢለኩና እነዚያኑ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ቢከታተሉ ፍርዳቸው ይጠራል።

እስከዚያው ድረስ፣ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ችግሩን ለሐኪም ቢያስረዳ ይጠቀማል፤ እንቅልፍን የሚነሡ ብዙ ነገሮች ይታከማሉና። የወላጁን ሕመም ግን በገዛ ራሱ ላይ አስቀድሞ ሊፈርድ አይገባውም።