«ታጣፊ ክንፍ» ወይስ ፍላፕ? በአውሮፕላን ክንፍ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ትችት

የቴክኒክ ጽሑፍ ተርጓሚ አቻ ቃል ሲያጣ ሦስት መንገዶች ይቀኑታል፤ የባዕዱን ቃል ሥር መከተል፣ የዕቃውን ቅርፅ መግለጽ፣ አሠራሩን በስሙ ውስጥ ማካተት። ሦስቱም አማርኛን የሚያከብሩ ይመስላሉ። በቀደምት ወታደራዊ ቀላል አውሮፕላኖች ክንፍ ላይ ሲፈተኑ ግን ጉድለታቸው ይገለጣል።

በቅድሚያ ፅንሰ ሐሳቦቹን እንለይ። በክንፍ የኋላ ጠርዝ፣ ወደ ጫፉ ገደማ የሚገኘው ኤለሮን በአንዱ ክንፍ ሲነሣ በሌላው እየወረደ አውሮፕላኑን ወደ ጎን ያዘነብላል። ወደ አካሉ የቀረበው ፍላፕ በሁለቱም ክንፎች እኩል ወርዶ በዝቅተኛ ፍጥነት የማንሣት ኃይል ይጨምራል። በፊት ጠርዝ ያለው ስላት ከክንፉ ጋር ጠባብ ክፍተት ይፈጥራል፤ በክፍተቱ የሚያልፈው አየር በክንፉ ላይ የሚፈሰው አየር ቶሎ እንዳይላቀቅ ይረዳል።

ኤለሮን በፈረንሳይኛ «ትንሽ ክንፍ» ማለት ነው። ይህን ተከትሎ «ክንፊት» ብሎ መሰየም ለጆሮ ያምራል፤ ነገር ግን ፍላፑም ስላቱም ትንሽ ክንፍ ስለሚመስሉ ስሙ አንዱን ከሌላው አይለይም። የቃሉ ታሪክ የቃሉ ፍቺ አይደለም።

ፍላፕን «ታጣፊ ክንፍ» ማለት ደግሞ የባሰ ስሕተት ያስከትላል። እ.ኤ.አ. በ1936 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው የጀርመኑ ፊዝለር ሽቶርክ ክንፎቹ ራሳቸው ወደ ኋላ ይታጠፋሉ፤ አውሮፕላኑም በዚሁ ሁኔታ ሊጓጓዝ ይችላል። ፍላፕም አለው። እንግዲህ «ታጣፊ ክንፉን አውርድ» የሚል መመሪያ ያነበበ ሰው የትኛውን ይረዳ? በበረራ መመሪያ ውስጥ እንዲህ ያለው አሻሚነት የስልት ጉድለት ብቻ ሳይሆን ለሕይወት የሚያሰጋ ነው።

ስላትን «አብራሪው የሚከፍተው የፊት ጠርዝ» ብሎ መፍታትም እንዲሁ ይወድቃል። የሽቶርክ ስላት በቦታው የተተከለ ነው፤ ከቶ አይከፈትም። በዚያው ዓመት የበረረው የእንግሊዙ ዌስትላንድ ላይሳንደር ስላቶች ደግሞ ፍጥነት ሲቀንስ በአየሩ ኃይል በራሳቸው ይከፈታሉ፤ ወደ አካሉ የቀረቡትም ከፍላፖቹ ጋር የተያያዙ በመሆናቸው አብረው ያወርዷቸዋል። በመሆኑም የሚያንቀሳቅሰው ማን እንደሆነ፣ መንቀሳቀሱም ራሱ፣ ከስላት ፍቺ ውስጥ የሚገባ ባሕርይ አይደለም።

ከሁሉ የተሻለው በተግባር መሰየም ነው የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። ከ«አዘነበለ» የሚወጣው «አዘንባይ» ለኤለሮን የተስማማ ይመስላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1947 የበረረውና የአሜሪካ ጦር ኤል-20 ብሎ የተገለገለበት የካናዳው ቢቨር ፍላፑ ሲወርድ ሁለቱ ኤለሮኖች አብረው ዝቅ ይላሉ፤ ማዘንበሉን ሳይተዉም የማንሣት ኃይልን ያግዛሉ። ተግባሩ ሁለት ሲሆን ስሙ ግማሹን ብቻ ይናገራል። ቢሆንም «አዘንባይ» ዋናውን ተግባር ስለሚያመለክት ከ«ክንፊት» ይሻላል፤ በማብራሪያነትም ይጠቅማል።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ኤለሮን፣ ፍላፕና ስላት በትውስትነት ሊጸኑ ይገባል፤ ከእያንዳንዳቸው ጎን ቦታንና ዋና ተግባርን ብቻ የሚገልጽ የአማርኛ ፍቺ ይቀመጥ። ትውስት የማያስፈልግበት ቦታም አለ። ስላት የፈጠረውን ቀዳዳ «ስሎት» ብሎ መጻፍ በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ሁለት ባዕድ ቃላትን ጎን ለጎን ማኖር ነው፤ «ክፍተት» የሚለው የራሳችን ቃል ያለ እንከን ይበቃል። አማርኛን የሚያደኸየው ቃል መዋሱ ሳይሆን የተዋሰውን ሳይፈታ መተዉ ነው።